ልጄ ጡጦ እምቢ ያለበት ክረምት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት መርሳ ነው። ደርግ ነበር፤ ያ ክፉ ድርቅ አልፎ ዝናብ እንደገና መጣል የጀመረበት ዘመን። እዚያው መርሳ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ መኪና ሾፌር ስለነበር ኑሮው በረሃ ነው፤ ሲመጣ ጥቂት ቀን አርፎ ተመልሶ ይሄዳል። ቤቱን የያዝነው እኔና እናቱ ነበርን። እማማ እላቸው ነበር። ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርደው እኛ ጋ የገቡት እኔን ሊያርሱ ነበር፤ አርሰው ሲጨርሱ "እንግዲህ ይኼን ልጅ ጥዬ የት እሄዳለሁ" ብለው ቀሩ።

ልጁ ክረምቱ ሲገባ አራት ወር አልፎት ነበር። በተወለደ ሰሞን እማማ ካላሱት ቅቤ በቀር ከጡቴ ሌላ ምንም ቀምሶ አያውቅም። ወፍራም ነበር፤ አንገቱ ላይ እጥፋቱን ገልጬ ሳጥበው ጊዜ ይፈጅብኛል። ጡት ይዞ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ላስለቅቀው ስል ዓይኑን ሳይገልጥ መልሶ ይጎትታል። ቀንም ማታም እንደዚያው ነው። ከወለድኩ ወዲህ አንድ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ርዕሰ መምህሩ ሰበሰበንና የአውራጃው መምህራን በሙሉ ወልድያ ላይ ሴሚናር እንደተጠሩ ነገረን። ያኔ ሴሚናር ሲባል እቀራለሁ የሚል ሰው የለም። ስብሰባው ሲበተን ጠጋ ብዬ፣

"የሚጠባ ልጅ አለኝ እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ። ግን ልጅ ይዞ አዳራሽ መግባት ክልክል ነው። ጥቂት ቀን ናት። አያቱ ቤት አሉ አይደል?"

"አሉ።"

"እንግዲያ ምን ችግር አለ?" አለኝ። እኔም ምን ችግር እንዳለ አልነገርኩትም።

እማማም ቢሆኑ ሂጂ ነው ያሉኝ። "በዚህ ዝናብ ልጅ አዝለሽ ኬት ታድሪያለሽ? ከነዚያ ሁሉ ሴቶች ጋር መሬት ላይ? ጉንፋን አስይዘሽ ልታመጭው ነው። እኔ ስንቱን አሳድጌያለሁ፤ ተይው።"

ጡጦ ገዛሁ። የዕርዳታ የዱቄት ወተት ያን ጊዜ በየቤቱ ነበር፤ እሱን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ለማልመድ ሞከርኩ። ጎማውን አፉ ላይ ሳስጠጋው ምላሱን አውጥቶ ገፋው። ጫፉን ወተት አስነክቼ ብሰጠው ፊቱን አጨማደደ። እኔ ራሴ ስለምሰጠው ይሆናል፣ የጡቴ ሽታ እየመጣበት ይሆናል ብዬ ወጣ አልኩና እማማ ሞከሩ። ከውጭ ሆኜ ለቅሶውን ሰማሁት። ከመሄዴ በፊት በነበሩት ቀናት ይህን ደጋግመን አደረግነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ጉንጩን ሞልቶ አልዋጠም።

"ሲርበው ይይዛታል" አሉ እማማ። "ልጅ ሆዱን ጠልቶ አያውቅም።"

እሺ ብዬ ሄድኩ። እሺ ያልኩት እማማን ስላመንኩ ብቻ አልነበረም። ድካም ሊጥለኝ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ለቅሶ ጥቂት ቀን ብወጣ ብዬ ሳልመኝ አልቀረሁም። ያን ጠዋት ልጁ ተኝቶ ስለነበር እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ሳልስመው ወጣሁ። አውቶቡሱ ሲሪንቃን አልፎ ወደ ወልድያ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ጀርባዬ ላይ ምንም አለመኖሩ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወልድያ እንደደረስን ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ቤት ገባን። ሻዬን ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁት። ማታ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ዴስኮቹን ገፍተን ሰሌን አንጥፈን ተኛን፤ ጭንቅላቴ ጋቢው ላይ ከማረፉ ነግቶ ደወል ተደወለ። ሴቶቹ "አንቺማ እንደ ድንጋይ ነው የተኛሽው" እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጡቴ መሙላት ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ መድረክ ላይ ያለው ሰው ስለ አምራች ኃይሎች ይናገራል፣ እኔ ክንዴን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ጡቴን እጫነዋለሁ። ፊት ለፊቴ ከተቀመጠችው ሴት አጠገብ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ልጅ ያለቀሰ መስሎኝ ወተቱ በቀሚሴ ላይ ወረደ። ነጠላዬን ደርቤ ተሸፋፈንኩ። በዕረፍት ሰዓት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ አለብኩት። ወተቱ ጭቃው ላይ ነጭ ሆኖ ሲፈስ ዓይኔን አነሳሁ፤ ማየት አልቻልኩም። ምን እየጠጣ ይሆን እያልኩ ነበር። ይዞታል፣ ይሄኔ ጡጦውን ይዞታል፣ እማማ ያውቁበታል አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከግቢው በር ውጭ ሰው ይፈልግሻል አሉኝ። የመርሳ ሰው ነው፤ መናኸሪያ ተሳፋሪ የሚጠራ፣ በዓይን የማውቀው።

"ጎረቤትሽ ናት የላከችኝ" አለኝ። "ልጁ ጡጦውን አልያዘም፣ ቶሎ ነይ በልልኝ ብላለች።"

"ታሟል?"

"እኔ አላየሁትም። ነይ በላት ነው ያለችኝ። መኪናችን አሁን ይነሳል፤ ትሄጃለሽ?"

ጎረቤቴ ግድግዳ የምንጋራ እስላም ሴት ነበረች። ባሏ የብርቱካን አትክልት ቦታ ነበረው፤ እሷም ከኔ ጥቂት ሳምንት ቀድማ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ነገር የምታጋንን ሰው አይደለችም። እሷ "ቶሎ ነይ" ካለች ነገሩ ምን እንደሆነ መገመት አያቅተኝም ነበር። ቢሆንም፣

"ትንሽ ጠብቁኝ፣ አስፈቅጄ ልምጣ" አልኩት።

የሴሚናሩን ኃላፊ ከምግብ ቤቱ ሲወጣ አገኘሁት። በጥርሱ ስንጥር ይዟል። ነገርኩት።

"ጓድ" አለኝ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ "የሁላችንም ልጆች ቤታችን ናቸው። ከሰዓት በኋላ የቡድን ውይይት አለ፤ አንቺ ደግሞ የቡድንሽ ጸሐፊ ነሽ። እሱን ጨርሺና ሂጂ። ማን ይከለክልሻል?"

ሂጂ ነው ያለኝ፤ ቆይተሽ ሂጂ። ተመልሼ አዳራሽ ገባሁ። የፈራሁት ሥራዬን ይሁን ስሜን፣ ወይስ እነዚያ ሁሉ ወንድ መምህራን "ሴት ምን ታደርግ" ብለው እንዳይተያዩ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። ሰዎቹ የሚናገሩትን ጻፍኩ። እጄ ይጽፋል። መኪናው ሄደ። ውይይቱ ተራዝሞ ሲያልቅ መናኸሪያ ሮጬ ደረስኩ፤ ኬላው ተዘግቷል። በዚያ ጊዜ በመንገዱ ላይ በነበረው ስጋት ምክንያት ከመሸ መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። ያን ሌሊት ማንም እንደ ድንጋይ ተኛሽ አላለኝም።

ኬላው እንደተከፈተ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ጨው የጫነ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስገቡኝ። ሲሪንቃ ላይ ስንደርስ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሌሊት ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ወርዶ ወንዙ ሞልቷል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና "እንግዲህ እስኪጎድል ነው" አለ።

"መቼ ይጎድላል?"

"እሱን እግዜርን ጠይቂው።"

ወረድኩ። ገበያ የሚሄዱ የገጠር ሴቶች ከላይ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሻገሩ ነበር። አንዷ አየችኝና "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። "ልጅ ጥዬ መጥቼ" ስላት ሌላ አልጠየቀችም፤ መሀላቸው አስገቡኝ። ውሃው ወገባችን ድረስ ነበር፣ ድንጋይ ያንከባልላል። መሀል ላይ እግሬ ከዳኝና የያዘችኝ ሴት እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ወዲያ ማዶ ስንወጣ ሳላመሰግናት ሮጥኩ። ከመርሳ በኩል መጥቶ መሻገር ያቃተው አንድ ላንድሮቨር ወደ ኋላ ሲዞር ደረስኩበትና አሳፈረኝ።

ቤት ስገባ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። መርሳ ቆላ ናት፤ ዝናብ ባጣ ቀን ክረምትም ቢሆን ቆርቆሮው ይጋላል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ያን ሁሉ መንገድ ለቅሶውን እሰማለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። እማማ መደቡ ላይ ልጁን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል። ጡጦው አጠገባቸው ቆሟል፣ ሙሉውን ነው።

ቀና ብለው አዩኝ። "እንኳን መጣሽ" አሉ። 

ልጁን ተቀበልኳቸው። ቀሎብኛል። ዓይኖቹ ጎድጉደው ዙሪያቸው ጠቁሯል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አናቱን ስዳስስ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ጣቴ ትንሽ ሰሃን ውስጥ የገባ ያህል ሰመጠ። በስሙ ስጠራው ዓይኑን ገለጠ፣ አየኝ፣ መልሶ ከደነ። ያወቀኝ አልመሰለኝም።

"ሸንቷል?" አልኳቸው።

"ከትናንት ማታ ወዲህ ጨርቁ አልራሰም" አሉ።

ቀሚሴን ከፍቼ ጡቴን ሰጠሁት። ጡቴ ከመሙላቱ የተነሳ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያበራል። አፉን አስጠጋ፣ ሊይዝ ሞከረ፣ ያዳልጠዋል። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ፊቱን አዞረና አለቀሰ። ድምፅ ነበረው እንጂ እንባ የለውም። እንባ የሌለው የሕፃን ለቅሶ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። በሌላው ጡት ሞከርኩ፤ ያው ነው። ወተት ፈልጎ የተከፈተውን አፉን፣ ወልድያ ሽንት ቤት ጀርባ ያፈሰስኩትን እያሰብኩ አየሁት።

"እንጥሉ ወርዶ ነው" አሉ እማማ። "ለዚያ ነው መዋጥ ያቃተው። እንጥል የሚቆርጡትን ሰውዬ አስጠርቻለሁ፤ አሁን ይደርሳሉ።"

በዚያ ሰዓት ሰውዬው በር ላይ ቢደርስ እምቢ የምል አይመስለኝም። ደክሞኝ ነበር፣ ፈርቼም ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እማማን "አይሆንም" የምልበት ፊት አልነበረኝም። ሄጄ የመጣሁት እኔ ነኝ። ልጁን ይዘው ሌት ተቀን የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ጎረቤቴ ድምፄን ሰምታ ገባች። የራሷን ልጅ አዝላ ነው። ልጄን አየችው፣ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።

"እንጥል ያለው ማነው? ቢላዋ አይንካው!" አለች። ከዚያ የምትናገረው ለእማማ መሆኑ ትዝ ሲላት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማማ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቅርብዎ። የውሃ ጥም ነው የያዘው። ጤና ጣቢያ እንውሰደው።"

"ጤና ጣቢያ ምን ያደርጉለታል?" አሉ እማማ።

"እሱን ሄደን እናየዋለን። ተነሽ እታለም፤ ማልቀሱን ስትመለሺ ታለቅሺዋለሽ።"

ሦስታችንም ወጣን። እማማ ነጠላቸውን ልጁ ላይ እንደ ጥላ ዘርግተው ከጎኔ ይሮጣሉ።

ጤና ረዳቱ በድርቁ ጊዜ ከመጠለያ መጠለያ ሲዞር የከረመ፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ ሰው ነበር። ልጁን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። አፉን ከፈተ፣ ዓይኑን አየ፣ እርግብግቢቱን ዳሰሰ።

"አስቀምጦታል? አስመልሶታል?"

"ትናንት ጥቂት አስቀምጦት ነበር" አሉ እማማ። "ጡጦውን በግድ ሳስገባለት ያቺን ታህል ከዋጠ በኋላ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ጡት ያልጠባው?"

ይህን መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። "ወልድያ ሄጄ ነበር" አልኩ። ቀኑን ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሰውነቱ ውሃ አልቆበታል" አለ። "ግን አሁንም ይውጣል፤ ይህ ጥሩ ነው። በማንኪያ እንሞክራለን። ከመምሸቱ በፊት ካልሸና በደም ሥሩ ግሉኮስ ካልገባለት አይድንም፤ እሱ ደግሞ እኔ ጋ የለም። የወልድያ መንገዱ ወንዝ ሞልቷል አሉ?"

"ሞልቷል።"

"እንግዲያ ቀሪው ደሴ ነው፣ በውርጌሳ በኩል፣ መኪና ከተገኘ። እስከዚያ ድረስ ግን እጃችን ላይ ያለችው ማንኪያ ናት።"

በወረቀት የታሸገውን ሕይወት አድን ዱቄት አውጥቶ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጠበጠልን። የሻይ ማንኪያ ሰጠኝ። ልጁን ቀና አድርጌ እንድይዘው፣ ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ ብቻ እንዳስነካው፣ አፉ ውስጥ እንዳልደፋበት አሳየኝ። "ራሱ ይላሰው። ከዋጠ በኋላ ትንሽ ጠብቂ። ከቸኮልሽ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ከዜሮ ነው የምንጀምረው።"

የመጀመሪያዋ በአገጩ ላይ ወረደች። ሁለተኛዋም። ከዚያ በኋላ ምላሱ ወጣና ከንፈሩን ላሰ፤ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማንኪያውን ከንፈሩን አልፌ ድዱ ድረስ እገፋው ነበር። መቸኮል አልነበረብኝም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ሁሉ፣ ወልድያ ላይ የተቀመጥኩበትን ያን ከሰዓት በሙሉ፣ በአንድ ማንኪያ ልመልስ እፈልግ ነበር። ጎረቤቴ አይታ ማንኪያውን ተቀበለችኝ።

"አንቺ ጡትሽን አለስልሺ። እንዲህ ደንድኖ እንዴት ይያዝለት? እማማ፣ ሙቅ ውሃ ይስጧት።"

እማማ የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው በሙቅ ውሃ ነክረው ጡቴ ላይ አደረጉልኝ። በእነዚያ በደጋ ሥራ በሻከሩ እጆቻቸው ከላይ ወደ ታች እያሹ አለቡልኝ፤ ወተቱ ጠብ ጠብ ሲል በኩባያ ያዙት።  እንባቸው ክንዴ ላይ ወደቀ፣ የኔም እጃቸው ላይ። ኩባያው ውስጥ የተጠራቀመውን ለጎረቤቴ አቀበልናት፤ አንዴ ከውሃው፣ አንዴ ከወተቱ እያደረገች በማንኪያ ሰጠችው።

ከሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ልጁ ዓይኑን ገልጦ መቆየት ጀመረ። ጤና ረዳቱ እየመጣ ያያል፣ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ጨርቁ ደረቅ ነው። አንድ ሰው ልኮ መኪና ማፈላለግ ጀምሮ ነበር።

ያኔ ነው ልጁ ጎረቤቴ ጭን ላይ እንደተኛ ፊቱን ወደ ደረቷ አዙሮ አፉን መክፈት የጀመረው። የእሷ ልጅ ጀርባዋ ላይ ስትጮህ ወተቷ ወርዶ ቀሚሷን አርሶት ነበር፤ ሽታው ሳይደርሰው አልቀረም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከኔ ቀጥሎ እማማን።

"ልስጠው?" አለች።

እማማ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "ስጭው ልጄ፣ ስጭው" አሉ። "የዚያን ቀን ስትለምኚኝ እሺ ብልሽ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።"

እንደዚህ ነው የሰማሁት። እኔ በሄድኩ ቀን ማታ፣ ልጁ ሲያለቅስ ጎረቤቴ መጥታ "እኔ ላጥባው" ብላ ነበር። በማግስቱም ደግማለች። እማማ ናቸው እምቢ ያሉት።

"ቢስሚላህ" አለች ጎረቤቴና ጡቷን ሰጠችው። ያዘ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያዘው፤ ከዚያ አገጩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ከዚያ የመዋጡ ድምፅ ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ የምንሰማው እሱን ብቻ ነበር። ልጄ እየዳነ ነው፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ከደስታው እኩል የሚያቃጥል ነገር ተሰማኝ። ከእኔ የዞረውን ፊት ለሷ ሰጣት። ወዲያው ደግሞ በዚያ ቅናት አፈርኩ። የልጇ ነፍስ በሰው ጡት ስትመለስ የምትቀና እናት ምን ዓይነት እናት ናት?

ሲጠባ ቆይቶ ድንገት ጎረቤቴ "እሰይ!" ብላ ጮኸች። ጤና ረዳቱ እየሮጠ ገባ። "ምንድን ነው?"

"ሸናብኝ!" አለች፤ ቀሚሷን ወደ ላይ አንስታ ለሁላችንም እያሳየች። "ወላሂ ሸናብኝ! እዩት!"

እማማ እልል አሉ። ጤና ረዳቱ ግድግዳውን ተደግፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። መኪና የሚፈልገውን ሰው ተመለስ በሉት አለ። ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ጡቴ ከላላ በኋላ፣ ልጁ የኔንም ያዘ። ዓይኑን ከፍቶ እያየኝ ነበር የጠባው፤ እኔ ግን ዓይን ለዓይን ላየው አቅቶኝ ጆሮውን እያየሁ አጠባሁት።

ቤት ከተመለስን በኋላ እማማ ምግብ አልበላም አሉ። ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ለምን እምቢ አሏት እማማ?" አልኩ። መውቀሴ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

 "በእስላምነቷ መስሎሽ እንደሆነ አይደለም" አሉ። "እኔስ የእናቴ እህት እስላም አግብታ የለ? አንቺን ብዬ ነው። የምታጠባ እናት ልጇን ጥላ ሄዳ ለጎረቤት ጡት ሰጠችው እንዳይሉሽ። ልጄ በረሃ ነው ያለው፤ ሲመጣ ሰው ይኼን ቢነግረው ብዬ። ስምሽን እጠብቅ ብዬ ልጅሽን ልገድልብሽ ነበር።"

"እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ። መልእክቷ ደርሶኝ ነበር። መኪናው ቆሞልኝ ነበር፤ ተመልሼ አዳራሽ ገባሁ።"

"አንቺማ ፈርተሽ ነው። መንግሥት ይፈራል።"

"እርስዎም ለኔ ፈርተው ነው።"

"አይ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ልጁ እኔ ጭን ላይ ነበር።"

ከዚህ ሌላ አልተወቃቀስንም። ይቅር ተባብለናል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እሳቸው ለኔ ከልክ በላይ ጥሩ ሆኑ፣ እኔም ለሳቸው። ውሃ ልቅዳ ስል ተሽቀዳድመው እንስራውን ይነጥቁኛል። እኔም የሚወዱትን ወጥ ሠርቼ ከጎናቸው ቆሜ እስኪበሉ እጠብቃለሁ። ሁለታችንም አንዳችን አንዳችንን የምንክስ ይመስል ነበር። ባለቤቴ ሲመጣ ልጁ አሞት እንደነበር ነገርነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን እሳቸውም አልተነፈሱ፣ እኔም።

ትምህርት ሲጀመር ከሴሚናር ለማንም ሳልናገር በመውጣቴ በመምህራኑ ስብሰባ ፊት ግለ ሂስ እንዳደርግ ተወሰነ። ቆምኩ። የግል ጉዳዬን ከአብዮቱ ተግባር በላይ አድርጌ በማየቴ ጥፋተኛ ነኝ እንድል ተነግሮኝ ነበር፤ አልኩት።

"ጥፋትሽን ከልብሽ ታምኛለሽ?" አለኝ ሰብሳቢው።

"አምናለሁ" አልኩ፤ እንባዬም መጣ። ማቆም አልቻልኩም። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሰብሳቢው ራሱ ደንግጦ "በቃ፣ በቃ፣ ጓድ፣ ይህን ያህል እንኳን አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ይበቃል" ብሎ አስቀመጠኝ። ስለ አብዮቱ ያለቀስኩ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ያለቀስኩት በመውጣቴ አልነበረም፤ ያን ከሰዓት ሳልወጣ በመቅረቴ ነው። ያንን ጥፋት የጠየቀኝ ስብሰባ የለም።

ልጁ ከዚያ በኋላ ጡጦ ሳያይ አደገ። ጤና ረዳቱ እንዳሳየን፣ እኔ ክፍል ስገባ ያለብኩትን ወተት እማማ በማንኪያና በሲኒ ይሰጡታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ግድግዳውን ያንኳኩና ጎረቤቴ መጥታ ታጠባዋለች። የጎረቤቴ ባል ይህን ሲሰማ የተናገረው አንድ ነገር ነው። "እንግዲህ ከልጄ ጋር የጡት ወንድምና እህት ናቸው፤ መጋባት የለም" አለን፤ ሕጻናቱ ገና መቀመጥ ሳይችሉ። ሳቅንበት፣ ግን የምሩን ነበር። ዓመታት አልፈው ልጅቷ ስትዳር ልጄን ከወንድሞቿ ጋር አስቀመጡት፤ ሙሽራዋን ከቤት ይዘው ከወጡት አንዱ እሱ ነበር። እማማ ያንን ሳያዩ ሞተዋል። በታመሙ ጊዜ፣ አልጋው ዳር ተቀምጦ በማንኪያ አጥሚት ያጎርሳቸው የነበረው እሱ ነው፤ እሳቸው ታዲያ በየጉርሻው መሀል ዓይናቸውን ከፊቱ አይነቅሉም ነበር።

ለልጄ ታሪኩን ነግሬዋለሁ። ጎረቤታችን ላይ መሽናቱን ሲሰማ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ደግመሽ ንገሪኝ ይለኛል። እደግምለታለሁ። ጓደኞቹ ሲመጡም ያንኑ እንድነግራቸው ይጠይቀኛል፤ ወንዙን፣ ማንኪያውን፣ የእማማን እልልታ። አንድ ቀን ግን ጨዋታው ሲያልቅ አየኝና፣

"እማዬ፣ መልእክቱ ሲደርስሽ ወዲያው ነበር የተነሳሽው?" አለኝ።

"በማግስቱ" አልኩት።

"ለምን?"

"ስብሰባ ነበረ።"

 "ያኔማ ከስብሰባ ማን ይወጣ ነበር" አለና እጄን ያዘኝ። ሊያጽናናኝ መሆኑ ገብቶኛል። እጁ ትልቅ ነው፤ የአባቱ እጅ ነው። አልለቅም ብዬ ይዤው ተቀመጥኩ፣ ግን ልክ ነህ ልለው አልቻልኩም።